ቀይ ክር የታሰረበት ጠርሙስ

በላቫጆው አካባቢ ሁሉም «አነፍናፊው» ነው የሚሉት። ሞተር ሳይክል ከማጠቡ በፊት የሳሙናውን ክዳን ከፍቶ፣ አፍንጫውን አስጠግቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያሸታል። ደንበኞች ይስቁበታል፤ እሱ ግን አይቀየምም። ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት፣ ሥራ በጀመረ በሳምንቱ፣ የሰው አዲስ ሞተር የፊት መስታወት በቤንዚን ጨርቅ ወልውሎ እንደ ወተት አንጥቶት ነበር። መስታወት ይባል እንጂ ለካ ፕላስቲክ ነው። ባለቤቱ አልጮኸም፣ አልተሳደበም። ዝም ብሎ አየው፣ ሞተሩን አስነስቶ ሄደ፣ ሁለተኛም አልተመለሰም። ያ ዝምታ እስከ ዛሬ ከጆሮው አልወጣም።

ከዚያ ወዲህ ጠርሙስ አያምንም። ትምህርቱን ከስድስተኛ ክፍል አቋርጧል፤ ነገር ግን በጠርሙስ ጀርባ ላይ የተጻፈውን ደቃቅ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ በልጁ መዝገበ ቃላት እየፈታ አንድ በአንድ ለመደው። ያነበበውንም ቢሆን ወዲያው አይቀበልም። ግድግዳው ላይ የእንጨት ሰሌዳ ሰቅሏል። ከተጣሉ ሞተሮች የለቀማቸውን ቁርጥራጮች በሚስማር መትቶበታል፤ የፊት መስታወት ስባሪ አለ፣ የመቀመጫ ልባስ አለ፣ የማያብለጨልጭ ጥቁር ቀለም የተቀባ ቆርቆሮ፣ አሉሚኒየም፣ የጎማ ቁራጭ። አዲስ ማጠቢያ ሲመጣ እያንዳንዱ ላይ አንድ ጠብታ ያሳርፍና ይጠብቃል። በሰሌዳው ያላለፈ ነገር የሰው ሞተር አይነካም። ጎማና ፍሬን ላይ ደግሞ የሚያወዛ ነገር የተባለ በደጁ አያልፍም፤ ሰው አዳልጦት ሲወድቅ በሕልሙ ሳይቀር ያያል።

አብሮት የሚሠራው የሚስቱ ታናሽ ወንድም ነው። የራሱ ሚስት የሞተችበት፣ ሁለት ልጆች ብቻውን የሚያሳድግ፣ ቀልድ ግን ከአፉ የማይጠፋ ሰው። አንድ ሰኞ ጠዋት ቢጫ ጄሪካን አንጠልጥሎ ገባ።

«ጋሼ፣ ከእንግዲህ ማሽተት ቀረልህ። ይሄ ለሁሉም ነው፤ ለቀለሙም፣ ለመቀመጫውም፣ ለቸርኬውም፣ ለመስታወቱም።»

«ከማን ገዛኸው?»

«ከሚሸጥ ሰው።»

«በምን በምን እንደተሠራ የሚናገር ወረቀት የታለ?»

«ኧረ ጋሼ! እህቴንም አሽትተህ ነው መሰል ያገባሃት!»

አነፍናፊው አልሳቀም። ጄሪካኑን ጥግ አስቀመጠና «እኔ ሳልፈትነው እንዳይነካ» አለ። በማግስቱ ሲያየው ግን ሁለት ጣት ያህል ጎድሏል።

«እጄን ታጠብኩበት» አለ አማቹ።

ይሄኔ ጥርጣሬው ሥር ሰደደ። ይህ ሰው ሥራ ለማፋጠን ብሎ ቢጫውን በእኔ ጠርሙሶች ውስጥ ቢገለብጠውስ? ሳሙናው አልቆ ውኃ ቢጨምርበትስ? ጄሪካኑን መፈተኑን እንኳ ተወው፤ ልቡ ከጄሪካኑ ወደ ሰውየው ዞሯል። አማቹ ለምሳ ሲወጣ ጠብቆ፣ ሁለቱን ዋና ማጠቢያዎቹን ጽሑፍ ከሌላቸው ሁለት የውኃ ጠርሙሶች ውስጥ ገለበጣቸው። ምልክቱን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ለመስታወት የሚሆነው ለስላሳ ሳሙና አንገት ላይ ነጭ ክር አሰረ፤ የካቴና ግራሶ በሚያሟሟው ኃይለኛ ፈሳሽ አንገት ላይ ቀይ ክር። ሁለቱንም ሳጥን ውስጥ ቆለፈና ቁልፉን ከአንገቱ አንጠለጠለ። ያን ቀን ሲጸልይ እንኳ ቁልፉን በእጁ ይዳስስ ነበር።

ሦስት ሳምንት አለፈ። ጉንፋን ይዞት አፍንጫው ድፍን ባለበት ጠዋት አዋላጇ መጣች። የመጨረሻ ልጁን ያዋለደችለት እሷ ናት፤ ሞተሯ ላይ የመጣችበት መንገድ ጭቃ ሁሉ ተለጥፎበታል።

«ጋሼ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሩቅ ነው የምሄደው። ቀኗ የደረሰ እናት አለችኝ። መንገዱ ጠጠር ነው፣ መስታወቱን አደራ።»

«ሲስተር፣ በእኔ ጣይው። ይሄንን ራሴ ነኝ የማጥበው።» ወደ አማቹ ዞር አለና «አንተ እንዳትነካው» ሲል ጨመረበት።

ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ጠበቀ፤ ጭቃውን በውኃ አለሰለሰ። ከሳጥኑ መጀመሪያ እጁ የገባውን፣ ነጭ ክር የታሰረበትን ጠርሙስ አወጣ። አሸተተው፤ ምንም የለም። አፍንጫው እንደሆነ ተዘግቷል። ጨርቁን ነክሮ መስታወቱን ወለወለው። ሁለት ደቂቃ አልሞላም፣ መስታወቱ ጭጋግ ለበሰ፤ ቀጥሎም የሸረሪት ድር የመሰሉ ቀጫጭን ስንጥቆች በላዩ ተዘረጉ።

ጨርቁን ጥሎ ወደ አማቹ ዞረ።

«ምን ጨመርክበት?»

«ምኑ ላይ?» አለ አማቹ፣ እስከ ክርኑ አረፋ እንደሆነ።

«ጠርሙሴ ላይ! ያን ቢጫህን!»

«ቁልፉ አንገትህ ላይ ነው እኮ ጋሼ።»

«ቁልፍ ይቀረጻል።»

አማቹ ቀልዱን ትቶ ክንዱ ላይ ያለውን አረፋ ጠረገ። አነፍናፊው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሰሌዳው ይፍረድ። ከአንተ ጄሪካን ከሆነ፣ እህትህ ብታለቅስም፣ ዛሬውኑ ዕቃህን ሰብስበህ ትወጣለህ።»

«ካልሆነስ?»

አነፍናፊው ቢጫውን ጄሪካን ከጥግ አነሳ።

ከሰሌዳው የመስታወት ስባሪ ላይ በግራ የቢጫውን፣ በቀኝ የጠርሙሱን አንድ አንድ ጠብታ አሳረፉ። ለቀሩት ቁርጥራጮችም ከቢጫው አዳረሱ። ከዚያ ባዶ ባልዲ ገልብጠው ጎን ለጎን ተቀመጡ። አማቹ ጫማውን ያያል፤ ምናልባት ልጆቹን እያሰበ ነው። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ የቀኙ ጠብታ ያረፈበት ነጣ። የግራው እንዳለ ነው።

«እንግዲያው ቤንዚን ነው የጨመርክበት» አለ አነፍናፊው፤ ግን ቃሉ ለራሱም ጣዕም አጣበት።

አማቹ ተነስቶ ክፍቱን ሳጥን ጎረጎረና ሌላውን ጠርሙስ አወጣ። «ጋሼ፣ ይሄም ነጭ ክር ነው ያለው። ስንት ነጭ ክር አሰርክ?»

«አንድ።»

ሁለቱን ጠርሙሶች ፀሐይ ላይ አወጧቸው። አንዱ ክር ቆሽሿል እንጂ ነጭ ነው። ያኛው ግን ነጣ ብሎ ሻክሯል፤ የጠርሙሱ አንገትም በደረቀ ፈሳሽ ተዥጎርጉሯል። አነፍናፊው በጥፍሩ ቋጠሮውን ፈታ። ከቋጠሮው ውስጥ፣ ፈሳሹ ካልደረሰበት፣ የጤፍ ፍሬ የምታህል ቀይ ብቅ አለች።

ግራሶ የሚያሟሟ ፈሳሽ፣ በቀዳ ቁጥር ባንገቱ እየወረደ፣ የክሩን ቀለም በልቶታል። ሃያ ስድስት ዓመት ሁሉን ነገር የጠረጠረ ሰው ክሩን ሳይጠረጥር ቀረ።

አማቹ ዝም ብሎ አየው። አነፍናፊው ያን ዝምታ አወቀው፤ ይህንንም እንደዚያኛው እንዲሄድበት አልፈለገም።

«እኔ ነኝ» አለ። «ከአንተ ስሸሽግ፣ ከራሴም ተሸሸገብኝ። ይቅር በለኝ ወንድሜ።»

አማቹ ክሩን ከእጁ ተቀበለና አገላበጠው። «ልጆቼን ምን እላቸዋለሁ እያልኩ ነበር እኮ።» አፍንጫውን በክንዱ ጠረገ። «ለማንኛውም ጉንፋንህ ይተላለፋል መሰል፣ እኔንም ያዘኝ።»

በደጁ ከቆመው ከአነፍናፊው የራሱ ሞተር ላይ መስታወቱን ፈቱት፤ ከአዋላጇ ሞተር ጋር አንድ ዓይነት በመሆኑ ብሎኑ ሳይቀር ገጠመ። በለስላሳው ሳሙና አጥበው በአዲስ ጨርቅ አደረቁት። አዋላጇ ስትመጣ ሁሉን ነገራት፣ አንድ አላስቀረም። እሷም መስታወቱን በጣቷ ነካ ነካ አደረገችና «ሰው ተጎዳ?» አለች።

«ለጥቂት ተረፈ» አላት፣ አማቹን እያየ።

ሞተሯ ከመንገዱ መታጠፊያ እስኪሰወር ቆሞ አያት፤ በልቡም ተመስገን አለ።

በማግስቱ ጠዋት ሰሌዳውን አብረው አዩት። ቢጫው መስታወቱን አልነካውም፤ ጥቁሩ ቆርቆሮ ላይ ግን የሚያብለጨልጭ ነጥብ ትቷል፣ አሉሚኒየሙንም አመድ አስመስሎታል።

«ጠርጥረህ ልክ ነበርክ ማለት ነው» አለ አማቹ።

«በጄሪካኑ። በአንተ አይደለም።»

አነፍናፊው ቁልፉን ከአንገቱ አውልቆ ከሰሌዳው ሥር ሚስማር ላይ ሰቀለው። አማቹ ሁለት ወረቀት ቆርጦ፣ ከመንገድ ማዶ በሚነበብ ፊደል «ለመስታወት» እና «ለካቴና ብቻ» ብሎ ጻፈና ጠርሙሶቹ ላይ ለጠፈ፤ ውኃ እንዳያጠፋው በላዩ ፕላስቲክ አለበሰው።

«ቀለሙን የማይለቅ እስክሪብቶ ነው?» አለ አነፍናፊው።

አማቹ እስክሪብቶውን ወደ አፍንጫው አስጠጋለት። «እንካ፣ አሽት።»