ሰበታ ላይ በሩን የከፈትንበት ክረምት

ባለፈው ሳምንት ከአየር ጤና ወደ ሰበታ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፍሬ፣ ከፊቴ የተቀመጡ ሁለት ሰዎች በሰፈራቸው ስለተደፈረች ልጅ ሲያወሩ ሰማሁ። «በሽምግልና ቢያልቅ ይሻላል፤ የልጅቷም ስም አይጠፋም» አለ አንደኛው። ዓለም ገና ላይ መንገዱ ተዘጋግቶ ቆመን ስለነበር መውረጃም የለኝ።

«ስሙ መጥፋት ያለበት የደፈራት ሰውዬ ነው!» አልኩ ጮክ ብዬ። ሾፌሩ ሳይቀር በመስታወቱ አየኝ። ይህን ቃል መጀመሪያ የተናገርኩት በሃያ አራት ዓመቴ ነው።

ሰበታ፣ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ጸሐፊ ነበርኩ። ሐምሌ ነው፤ ከጅማ መንገድ እስከ ፋብሪካው በር ያለው ጭቃ ጫማ ያወልቃል። በፈትል ክፍል የምትሠራውን የአሥራ ዘጠኝ ዓመቷን ጫልቱን የፈረቃ አለቃዋ መጋዘን ውስጥ ደፈራት። በማግስቱ ሥራ አስኪያጁ ጠራኝና «በገዛ ፈቃዷ ሥራ እንደለቀቀች ጻፊ፤ ትፈርማለች» አለኝ። ጫልቱ በሩ ሥር የነጠላዋን ጫፍ ነክሳ ቆማለች። ወረቀቱን የጽሕፈት መኪናው ላይ አስገባሁ፤ ቀኑን መታሁ። «በገዛ ፈቃዷ» የሚለው ላይ ስደርስ ጣቶቼ እምቢ አሉ።

«ምን ሆንሽ?» አለ።

«የትኛውን ፈቃዷን ነው የምጽፈው?»

የጫልቱን ክንድ ይዤ ወጣሁ። መጀመሪያ ጤና ጣቢያ፣ ቀጥሎ ፖሊስ ጣቢያ ሄድን። ሁለታችንም ሥራ የለንም፤ እሷ ደግሞ የፋብሪካው ማደሪያ ስለተዘጋባት ማረፊያም አልነበራትም። ስለዚህ ከኦቦ ዲንቃ ወደተከራየኋት አንዲት ክፍል ወሰድኳት። ዛሬ የተደፈሩ ሴቶችን የምናስጠልልበት ድርጅታችን እንዴት ተመሠረተ ብለው ሲጠይቁኝ አፍራለሁ። አንድ ፍራሽ ለሁለት ተኛንበት፤ አመሠራረቱ ይኸው ነው።

በአሥረኛው ቀን ሽማግሌዎች መጡ። የጫልቱ አባት ኦቦ ገመቹም አብረዋቸው ነበሩ፤ ከመናገሻ በእግራቸው መጥተው ሱሪያቸው እስከ ጉልበት ርሷል። እናቷ የላከችውን በቅቤ የታሸ የገብስ ጭኮ በጣሳ ይዘዋል።

«ልጁ ያገባታል፤ ክሱ ይነሣ» አሉ የሽማግሌዎቹ መሪ። «አባቷ እዚህ ቆመው አንቺ ምኗ ነሽ?»

«ምኗም አይደለሁም አባቴ። ግን ስሙ መጥፋት ያለበት የእሱ ነው። ይህን እርስዎም ያውቁታል።»

የበሩን መቃን ይዤ ነበር። ያን ጊዜ ጫልቱ ከኋላዬ ወጣች።

«አባ፣ እሱን ካገባሁ ዕድሜዬን ሙሉ ከዚያ መጋዘን አልወጣም» አለቻቸው።

ኦቦ ገመቹ ጣሳውን እንዳቀፉ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረው «ዴማ!» አሉ፤ ሂዱ ማለታቸው ነው። ሽማግሌዎቹ ሲሄዱ ኦቦ ገመቹ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው አለቀሱ። ጫልቱ ጭኮውን እየቆረሰች መጀመሪያ ለእሳቸው አጎረሰቻቸው። ቅቤው ከበርበሬው ጋር ሲሸት፣ ከዚያ ቀን በፊት ለስንት ቀን በወጉ እንዳልበላን ያኔ ታወቀኝ።

ክሱ ከዓመት በላይ ፈጀ፤ ሰውዬው ተፈረደበት። እስከዚያ ድረስ ወሬው ከቡራዩም ከሱሉልታም ሴቶችን አመጣልን፤ ኦቦ ዲንቃም የእህል ማስቀመጫቸውን ባዶ አድርገው ሁለተኛ ክፍል ሰጡን። ድርጅቱን ለማስመዝገብ ስንሄድ የመዝገብ ቤቱ ጸሐፊ ስማችን ውስጥ «የተደፈሩ» የሚለውን ቃል ሲያይ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«ይህ ቃል ያስደነግጣል፤ ‹የሴቶች ልማት› ብትሉትስ?»

«ይደንግጡ» አለች ጫልቱ። «እኛም ደንግጠናል።»

ቃሉ ሳይነካ ተመዘገብን።

ሁሉም ችሎት እንደ መጀመሪያው አልሆነልንም። ተከሳሽ እየሳቀ ሲወጣ አይቻለሁ፤ የገዛ ቤተሰቦቿ በራቸውን የዘጉባትን ልጅም አይቻለሁ። ዕድሜ ሰውን ያለዝባል ይባላል፤ እኔን ግን አላለዘበኝም፣ ባለማለዘቡም ደስ ይለኛል። ነገ ጠዋት ቡራዩ ችሎት አለን። የምትመሰክረው አንዲት ልብስ ሰፊ ናት፤ እንደምትፈራ ነግራናለች። እኔ በቀኟ፣ ጫልቱ በግራዋ ሆነን አብረናት እንገባለን።