የስንቅ ባልዲው ክዳን

ውባንቺ ከአምስተኛ ክፍል የወጣችው እናቷ ስትታመም ነው። ለከርሞ ትመለሻለሽ ተብላ ነበር፤ ከርሞም መጣ፣ ከርሞም አለፈ። ከዚያ ወዲያ ላሊበላ ውስጥ የሆቴል አንሶላ ስታጥብ ጉልበቷ አለቀ፤ እንግዳው ሲቀር አንሶላውም ቀረ። ለመጣው ሁሉ አንድ መልስ ነበራት፤ ምን ቸገረኝ። ባሏ ጥሏት ቆላ ሲወርድም ያለችው ይህንኑ ነው።

ከቤቷ ጎን ያለችውን ክፍሏን የተከራየቻት ንጋት ከነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን ማዶ ካለ ገጠር የመጣች ተማሪ ነበረች። እንደ ገጠር ተማሪ ሁሉ ዓርብ አገሯ ትገባለች፤ እሑድ የሳምንት ስንቋን በባልዲ ይዛ ትመለሳለች። የተከራይ ስንቅ የተከራይ ነው። አከራይ አይቀንስለትም፣ አይጨምርለትም፤ ቢጨምር ወላጅ፣ ልጄን ለማኝ አደረጓት ብሎ ይከፋል። የንጋት ሽሮ ግን ሐሙስም ሲሆን አያልቅም ነበር። ልጅቱ አንድም ቀን አልገረማትም።

አንድ ምሽት ለትምህርት ቤት የተሰጣትን ልብ ወለድ ጮክ ብላ አነበበች። ልጁ ጥሎት የሄደ ሽማግሌ ታሪክ ነው። ሽማግሌው ለጎረቤቱ ሁሉ «ተገላገልኩት» ይላል፤ ማታ ማታ ግን በሩን ሳይቀረቅር ይተኛል። ጥጥ ስትፈትል የነበረችው ውባንቺ፣ ምን ያለ አንጀተ ደንዳና አባት ነው አለች።

ንጋት ሳቀች። «እትዬ፣ አፉን ብቻ ሰምተው ፈረዱበት። በሩንስ?»

ከዚያ መምህሯ ያሉትን ሁሉ ነገረቻት። የሰው አፍና እጅ ሲጣሉ ምጸት ይባላል። ቃሉ የተባለበት ድምፀት ካልተሰማ ቃሉ ብቻውን ያሳስታል። የታሪኩ ጭብጥም የልጁ መሄድ ሳይሆን የአባትየው መጠበቅ ነው። ገጸ ባሕርይ አደገ የሚባለው ደግሞ መጀመሪያ ላይ ከቶ ሊያደርገው የማይችለውን ነገር መጨረሻ ላይ ሲያደርገው ነው።

«ይሄኛው አላደገም» አለች ንጋት መጽሐፏን እያጠፈች። «ሳይናገር ሞተ።»

ውባንቺ እንዝርቷን አቁማ የታጠፈውን መጽሐፍ አየችው። ከዚያ መፍተሏን ቀጠለች።

ክረምቱ ሲወጣ የንጋት አክስት ብርቅዬ ትምህርት ቤቱ አጠገብ ቤት ያዘች፤ ልጅቱንም ነይ አለቻት። ንጋት በሩ ላይ ቆማ ልሂድ ወይስ ልቆይ ብላ ጠየቀች። ውባንቺ ቆዪ ልትል አፏን ከፈተች። ከአፏ የወጣው ግን የለመደው ነው።

«ምን ቸገረኝ። ከንባብሽ ጩኸት አርፋለሁ።»

ንጋት አቀርቅራ ጓዟን ሸከፈች። የሽማግሌውን ልብ እንዲያ የፈታች ልጅ የአከራይዋን አፍ አመነች።

ቤቱ ጭር አለ። ውባንቺ ክፍሉን ስትጠርግ የስንቅ ባልዲውን ክዳን ከጥግ አገኘችው። ልጅቱ ትምህርት ቤት ስትውል ውባንቺ ቀስ ብላ ከፍታ፣ ከራሷ ሽሮ ጨምራ ትገጥመው የነበረው ክዳን ነው። ብዙ ጊዜ በእጇ ይዛው ቆየች። በማግስቱ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ክዳኑን ይዛ የትምህርት ቤቱን ዳገት ወጣች።

ንጋት ከትምህርት ቤቱ በር ላይ አይታት ደነገጠች። ለክዳን ብለው ይህን ሁሉ ዳገት ወጡ? አለቻት።

«መንገዴ ነበር» አለች ውባንቺ።

ልጅቱ አመስግና ክዳኑን ተቀበለች። ደወል ተደወለ። ውባንቺ ዞር ብላ ጥቂት ከሄደች በኋላ ቆመች።

«ንጋት» አለች። «መንገዴ አልነበረም።»

ንጋት ክዳኑን እንደያዘች ቀና ብላ አየቻት። አክስቷ ጋ ጓዟን ዘርግታለች፤ አሁን እመለሳለሁ ማለት አይሆንላትም። እሑድ ስንቅ ይዤ ስመጣ ጎራ እላለሁ ብላ ሮጣ ገባች።

ውባንቺ ቁልቁል ስትወርድ ቃሉን ለራሷ ደጋገመችው፤ ጎራ እላለሁ። አንዴ በይሉኝታ ድምፅ አለችው፣ አንዴ በናፍቆት። ልጅቱ በየትኛው እንዳለችው መለየት አቃታት።

ቅዳሜ ሲመሽ ባቄላ ነከረች። ለአንድ ሰው የሚበዛ ነበር።