የጋሽ ገሜዳ ጥሩምባ

በእኛ ሠፈር፣ ከቀራንዮ መድኃኔዓለም ዝቅ ብሎ፣ ጋሽ ገሜዳን በማለዳ ማየት የሚፈልግ ሰው አልነበረም። ሰውን በድለው አይደለም፤ የዕድራችን ጥሩምባ ነፊ ስለሆኑ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሰው በሞተ ቁጥር ጎህ ሲቀድ ተነስተው በየቅያሱ ይዞራሉ። ይነፋሉ፣ ዝም ይላሉ፣ ከዚያ የሟቹን ስም ይጠራሉ። በዚያች ዝምታ እያንዳንዳችን አልጋችን ላይ ቁጭ ብለን የራሳችንን ሰው በልባችን እናስባለን። ስሙ የጎረቤት ሲሆን እናዝናለን፤ እውነቱን ለመናገር ግን ትንሽ እፎይም እንላለን።

ስለዚህ ሰርግ ሲጠሩ ጥግ ይዘው ነው የሚቀመጡት። "እንደምን አደራችሁ" ሲሉ ሰው መጀመሪያ ፊታቸውን ያያል፣ መልሱ ከዚያ ይመጣል። እኔ የዕድሩ ጸሐፊ ስለሆንኩ ቀርቤ አውቃቸዋለሁ፤ ጨዋታ አዋቂ ናቸው። አንድ ቀን "ኑሕ፣ እኔ እኮ በየሰዉ ደጅ ስዞር ኖርኩ፤ 'እሰይ መጣህልን' ያለኝ ቤት ግን አንድም የለም" አሉኝ። እኔ ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም።

ልጄ ኢብራር ጊታር ገዝቶ የመጣ ቀን ቆርቆሮና ሚስማር ሲሸጥ ለኖረ አባት ይህ ምን የሚሉት ጉድ ነው ብዬ ቤቱን በጩኸት ሞላሁት። ከቁም ነገር አልቆጠረኝም። እሱ፣ ድራም መቺው ሰዓድና ዘፋኟ ኢሊሊ "ፌርማታ" የሚባል ባንድ አቋቋሙ። የሚለማመዱበት ቦታ ሲያጡ ዕድሩን ለመኑ። ለቅሶ ሲኖር ድንኳን መትከል እንዲያግዙ ተስማምተን የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ሰጠናቸው። የለቅሶ ፍራሾቹን ግድግዳው ላይ ሰቅለው ድምፁን አፈኑት።

የመጀመሪያውን አልበም እዚያው ቀዱት። ጩኸት ነበር፤ ከባሕር ማዶ የሰሙትን ሁሉ በአንድ ዘፈን ሊጨርሱት የቸኮሉ ይመስላሉ። በሁለተኛው ረጋ አሉ፤ ክራር ገባበት፣ ኢሊሊም ገሚሱን በኦሮምኛ ዘፈነች። ያን ጊዜ የዓለም ባንክ ሠፈር ወጣቶች በስልክ ይቀባበሉት ጀመር፤ እኔም ተደብቄ ሰማሁት። ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ ኢብራር "አባ፣ የሌላ ሰው ድምፅ መኮረጅ ሰለቸን፤ የእኛ ሠፈር ድምፅ ምንድነው?" ብሎ ጠየቀኝ። እኔ የታክሲ ረዳቱን፣ አዛኑን፣ ደወሉን ስቆጥርለት እሱ ለካ ሐሳቡ ሌላ ጋ ነበር።

ጋሽ ገሜዳ ሲጠየቁ ዞር ብለው ከኋላቸው ሰው መኖሩን አዩ።

"እኔን ነው? ለዘፈን?"

"እርስዎን ነው እንጂ ጋሼ" አለች ኢሊሊ። "ሲነፉ እኮ በጣም ያምራል።"

ያምራል ተብለው አያውቁም። ፂማቸውን ተላጭተው፣ የዓመት በዓል ኮታቸውን ለብሰው ሄዱ። ዘፈኑ "የማለዳ ሰው" ይባላል። መሐል ላይ ሙዚቃው ይቆምና ጥሩምባው ብቻውን ይነፋል፤ ከዚያ ዝምታ ይሆናል፤ ከዝምታው በኋላ ኢሊሊ ትገባለች። ቀረጻው ሲያልቅ ጋሽ ገሜዳ በቀጥታ ወደ ሱቄ መጡ። "ይደገም አሉኝ፣ ኑሕ! ሦስት ጊዜ ይደገም አሉኝ!" የእሳቸውን ጥሩምባ ይደገም የሚል ሰው እስከዚያ ቀን የት ተገኝቶ ያውቃል?

መዘዙ የመጣው ቅዳሜ ማለዳ ነው። ሰዓድ ያለቀውን ዘፈን ከጥሩምባው ቦታ ጀምሮ ግቢያቸው ውስጥ በትልቅ ስፒከር ከፈተው። በዚያ ሳምንት ጎረቤታችን ገመቹ ታሞ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር፤ ሠፈሩ ጆሮውን አቁሞ ነው የሰነበተው። ጥሩምባው ሲነፋ ሚስቱ ጉዲቱ ከልብስ ማጠቢያው ሳፋ ተነስታ "ገመቹ!" ብላ ጮኸች። ከዚያ ወዲያ ማን ያጣራል? ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወጡ። እኔ ሱቄን ዘግቼ ድንኳን ለማውጣት ሮጥኩ። ሰዓድ ራሱ ለቅሶውን ሲሰማ ዘፈኑን አጥፍቶ፣ በውላችን መሠረት፣ ድንኳን ሊያግዝ እየሮጠ መጣ።

ድንኳኑ በግማሽ ተተክሎ ሳለ አንድ ልባም ሰው ወደ ሆስፒታሉ ደወለ። ስልኩን ያነሳው ገመቹ ነው።

"አለሁ! ማነው እንዲህ የሚያለቅሰው?"

ጉዲቱ ድምፁን ስትሰማ እዚያው ጭቃው ላይ ተዘረረች። ሁላችንም ወደ ጋሽ ገሜዳ ዞርን፤ እሳቸው ባዶ እጃቸውን ነበሩ። ያኔ ሰዓድ የፈጠረው ነገር ገብቶት ራሱን ያዘ።

በማግስቱ ዕድሩ ተሰበሰበ። ጥሩምባ የሞት ነው፣ መጫወቻ አይደለም ተባለ፤ ከሁሉ አብልጬ የጮኽኩት እኔ ነኝ። ውሳኔውም፣ ወይ የጋሽ ገሜዳ ድምፅ ከዘፈኑ ይውጣ፣ ወይ ጥሩምባውን አስረክበው ከሥራው ይሰናበቱ የሚል ሆነ። ኢብራር "እናወጣዋለን" ሊል ሲነሳ ጋሽ ገሜዳ ቀደሙት። ጥሩምባውን በጋቢያቸው ጫፍ ወልውለው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

"ሰው አንድ ጊዜ ወዶ ሰማኝ" አሉ። "እሱን አላስጠፋም።"

ቃለ ጉባኤውን በእጄ ጻፍኩ። ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ።

ከዚያ ወዲህ ሞት በስልክ መልእክት ይነገረን ጀመር። ጋሽ ገሜዳ ግን ማለዳ መነሳቱን አልተዉም፤ ጎህ ሲቀድ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው አያቸው ነበር። አንጀቴን በሉኝ።

በወሩ ገመቹ ድኖ ወጣ። ጉዲቱን ተደግፎ ስብሰባው ላይ መጣና እጁን አወጣ።

"የሞትኩት እኔ አይደለሁ? ተበዳይ ካለ እኔ ነኝ፤ እኔ ደግሞ ይቅር ብያለሁ። ሠፈሩ ሲያለቅስልኝ በጆሮዬ ሰማሁ። ይህን በቁሙ የሰማ ማን አለ? ለሰውዬው ጥሩምባቸውን ስጧቸው።"

ጉዲቱ ቀጠለች። "በቁም ላለ ሰው ድንኳን መትከል ሟርት ነው። ያንኑ ድንኳን ለደስታ ትከሉትና ሟርቱን አፍርሱልኝ። ልጆቹም ይዝፈኑ።"

የተቃወመ አልነበረም። እኔማ በምን አፌ!

በሚቀጥለው እሑድ ከሰዓት ድንኳኑ ተተከለ፤ ፌርማታም አዲሱን አልበም እዚያው አስመረቀ። "የማለዳ ሰው" ላይ ሲደርሱ ሙዚቃው ቆመ። ጋሽ ገሜዳ በኮታቸው ወጥተው ነፉ። ከዚያ ዝም አሉ።

ዘፈን መሆኑን እያወቅን ሁላችንም ስም ጠበቅን። ኢሊሊ እንኳ መግባቷን ረሳችው። ጋሽ ገሜዳ ፊታችንን አንድ በአንድ አዩ። ቅያስ ለቅያስ እንደሚያደርጉት ሁለት እርምጃ ወደፊት መጡና በዚያው በለመድነው ድምፅ ተጣሩ።

"የዕድሩ አባላት ስሙ! ዛሬ ማንም አልሞተም!"

ጉዲቱ እልልታዋን አቀለጠችው። ከኋላ አንድ ሰው "ይደገም! ይደገም!" እያለ ይጮኻል። ሰዉ ሁሉ ዞሮ ሲያየኝ ነው እኔ መሆኔን ያወቅኩት።