ለለቅሶ የተጠገነ ጠመንጃ

መካነ ሰላም ከተማ ያሰሩኝ ክፍል ቀድሞ የእህል መጋዘን ነበር። በወለሉ ስንጥቅ ውስጥ የገብስ ፍሬ ቀርቷል። ግድግዳው አይጥ አይጥ ይሸታል። የሐዘን ጥቁሬን እንደለበስኩ ነው ያስገቡኝ።

የተያዝኩት በባለቤቴ ሠልስት ዕለት ነው። በእኛ አገር ወንድ ሲሞት ልብሱና ጠመንጃው ለቅሶው ላይ ይወጣል። የእሱ አሮጌ ምንሽር ግን አፈሙዙ ላይ ያለችው የማነጣጠሪያ ጉጥ ከወለቀች ቆይታለች። ጎዶሎ መሣሪያ ማውጣት ሟቹን ማዋረድ ነው። ስለዚህ ከጅዳ የተመለሰውን የጎረቤቴን ልጅ ለመንኩት። ከተማው ላይ ስልክ ይጠግናል። እቤቴ መጥቶ አፈሙዙን በከሰል አሞቀና ጉጧን በስልክ መበየጃው እርሳስ አጣበቃት።

«እትዬ፣ ይህ ለዓይን ብቻ ነው» አለኝ። «አንድ ሁለቴ ከተተኮሰበት ግሎ ይረግፋል።»

«ማን ይተኩሰዋል? ባለቤቱ ሞቷል» አልኩት።

መሣሪያ የሚፈትሹ ወታደሮች ለቅሶው መሃል ገቡ። አዲሱ እርሳስ ፀሐይ ላይ ያበራ ነበር።

መርማሪው ከልጆቼ ያንሳል። ቢሆንም አንቺ እያለ ነበር የሚያናግረኝ።

«ጫካ ላሉት ነው ያስጠገንሽው። ማን በየደው?»

«ለለቅሶ ነው።»

«ለቅሶ ማነጣጠሪያ ምን ያደርግለታል? እንባ ልታነጣጥሩበት ነው?»

አብረውት የነበሩት ሳቁ።

መልሱ ምላሴ ላይ ነበር። ወስዳችሁ ተኩሱበት፣ ጉጧ ትረግፋለች፣ ለውጊያ እንዳልተሠራ ታያላችሁ ማለት እችል ነበር። ነገር ግን እርሳሱ የስልክ መሆኑን ካወቁ ሠሪውን ለማግኘት አይቸገሩም። እኛ ሰፈር ስልክ የሚጠግነው እሱ ብቻ ነው። «ለለቅሶ ነው» አልኩ ደግሜ።

ከቀናት በኋላ እሱንም አመጡት። ማን እንደጠቆመ አላውቅም። በር ላይ አቆሙት። ከንፈሩ አብጧል።

«ታውቂዋለሽ?»

«አላውቀውም።»

እሱም መሬት መሬት እያየ «እኔም አላውቃቸውም» አለ።

«አንድ አጥር እየተጋራችሁ!» አለ መርማሪው። በዚህ ጊዜ ማንም አልሳቀም።

ከሰዓት በኋላ እህቴ የላከችው ቂጣ ደረሰኝ። ሳልቆርሰው ለዘቡ ሰጠሁት፤ የእኛው አካባቢ፣ የአቀስታ ልጅ ነበር።

«ለዚያ ለማላውቀው ሰው አድርስልኝ» አልኩት።

«ካላወቁት ምን አስጨነቀዎት፣ እማማ?»

«ሳይበላ ነው የዋለው።»

ዘቡ ግራ ቀኙን አየና ቂጣውን ካፖርቱ ውስጥ ከተተው። «አብሽሩ» ብሎኝ ሄደ። ያድርስለት አያድርስለት አላየሁም።

እኔን ለቀቁኝ። እሱን ወደ ደሴ ወስደውታል ተባለ። ከእናቱ ጋር ሄደን ጠየቅን፤ እዚህ የለም አሉን። እንደገና ሄድን፤ ያው ነው። ያን ጊዜ ስለ እርሳሱ ብናገር ያምኑኝ ነበር ወይ እያልኩ አስባለሁ። የሚያምኑ አይመስለኝም። ጠመንጃውን ተኩሰውበት ከሆነ ደግሞ እውነቱን ካወቁ ቆይተዋል።

እናቱ ለምን ቤትሽ ጠራሽው ብላኝ አታውቅም። ቅዳሜ ከገበያ ስንመለስ ወደ መናኸሪያው ትታጠፋለች። ከደሴ የመጣው ሚኒባስ ሰው አውርዶ እስኪጨርስ አጠገቧ እቆማለሁ። ሹፌሩ በሩን ሲዘጋ ዘንቢሏን ታነሣለች፣ እኔም የእኔን አነሣለሁ።