ሰላምታው በአገውኛ፣ ካንሰሩ በእንግሊዝኛ

ሚስቴን የገደላት ካንሰር መሆኑን ከእኔ ቀድሞ አንድ ክፍል ሙሉ የነርስ ተማሪ ያውቅ ነበር። እኔ አጠገቧ ቆሜ አላወቅሁም። የተበደልኩት ይኸው ነው፤ ጨምሬ አላወራም።

ጡቷ ላይ እብጠት ወጣባት። ከዘንገና ሐይቅ በላይ ካለው ቤታችን በእግር ወርደን፣ አስፋልቱ ላይ ባጃጅ ይዘን ሆስፒታል ገባን። የነርሶቹ አስተማሪ ነጭ የለበሱ ተማሪዎቹን አስከትሎ መጣ። የአዘና ሰው ነው፤ በአገውኛ ሰላም አለን። ዝናቡን ጠየቀን፣ ድንቹን ጠየቀን። ሚስቴ ደስ አላት። «የኛው ሰው ነው» አለችኝ። ከዚያ የኛው ሰው ነጠላዋን ገለጠና ጡቷን በጣቱ እየነካካ በእንግሊዝኛ ጀመረ። ልጆቹ ይጽፋሉ። አንዷ ብቻ መጻፏን ትታ አንገቷን ደፋች።

«ምን እያለ ነው?» አለችኝ ሚስቴ።

«እኔን ትጠይቂኛለሽ? የአማርኛውን ፊደል መች ለየሁና!»

ሳቀች። እውነቴን ነበር። ፊደል የቆጠርኩት እሷ ከሞተች በኋላ በጎልማሶች ትምህርት ነው። ያኔ ማንበብ አልችልም፤ ጆሮዬ ግን ደህና ነበር። ቢነግሩት ይሰማ ነበር።

አስተማሪው ሲጨርስ ወደ እኛ ዞሮ በአገውኛ፣ «ባሕር ዳር ሄዳ ትታይ፤ አይዟችሁ» አለን። አይዟችሁ ያለ ሰው ሩጡ ማለቱ ነው እንዴ? ድንቹን አውጥተን እንሄዳለን ተባባልን። ድንቹ ወጣ። ጠበሉም ተሞከረ። ባሕር ዳር ስንደርስ ሐኪሙ «እስካሁን የት ነበራችሁ?» አለን። ድንች ስናወጣ ነበርና!

ሚስቴን ቀብረን ድንኳን እንደተቀመጥን ያቺ አንገቷን የደፋችው ተማሪ ለቅሶ መጣች። ለካ የጎረቤታችን የእህት ልጅ ኖራለች።

«ጋሼ፣ ያን ቀን ስንማርባት አንጀቴን በልታኝ ነበር። ካንሰር ነው ሲለን…»

«መቼ ነው ያላችሁ?»

«እዚያው። እርስዎም ቆመው።»

ሞት ያለ ነው። ሕይወቷ የተነገረው ግን ለደብተር ነው፤ ለእሷ አይደለም።

ክሰስ አሉኝ። ከሳሽ ሆኜ ሌላ የማይገባኝ ቋንቋ ልስማ? ሽማግሌ ላክሁበት። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ዛፍ ሥር ተቀመጥን። አስተማሪው መጣ፤ መምጣቱን አልክድም።

«አባቶቼ፣ ክፉ አስቤ አይደለም» አለ። «መርዶ በአገራችን በድንገት አይነገርም። ዘመድ ሲሰበሰብ፣ ቀስ ተብሎ…»

ከሽማግሌዎቹ አንጋፋው በትራቸውን መሬት ላይ መቱ። «ልጄ፣ መርዶ ለሞተ ሰው ነው። ሴትዮዋ ቁጭ ብላ እያየችህ ነው መርዶ የያዝክላት? ደግሞስ ማንን ነው ያረዳኸው? ተማሪዎቹ ዘመዶቿ ናቸው?»

ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይጠይቅህ አሉኝ። «ድንጋዩን ቦታው ያስቀምጠው» አልኩ። «ያን ቀን ለልጆቹ ያለውን ቤቴ መጥቶ፣ እነዚያኑ ልጆች አስቀምጦ፣ በአገውኛ ይንገረኝ።» ሽማግሌዎቹ ተያዩ። እንግዳ ነገር ነው፤ ግን ፈረዱልኝ።

መጡ። ልጆቹን የቀርቀሃው አግዳሚ ላይ ደረደርኳቸው። አስተማሪው እሷ ትተኛበት ከነበረው መደብ ፊት ቆመ። ሰላምታ ሊጀምር ሲል «ሰላምታውን ያኔ ጨርሰኸዋል» አልኩት። ከዚያ ለባዶው መደብ በአገውኛ ተናገረ፦ «እህቴ፣ ይሄ ካንሰር ነው። ገና አልተስፋፋም ይሆናል። ድንቹን ተዪው፤ ነገ ጠዋት ባሕር ዳር ሂጂ። ብትዘገዪ ይገድልሻል።»

በቃ። ይችው ናት። ውሃ ፉት እስኪሉ አትፈጅም።

ከተማሪዎቹ ብዙዎቹ የሌላ አገር ልጆች ናቸው፤ አገውኛ አይሰሙም። «ምን እያለ ነው?» ሲባባሉ ሰማኋቸው። ያቺ የጎረቤታችን ዘመድ ልትተረጉምላቸው አፏን ስትከፍት በእጄ ከለከልኳት። ትንሽ ይቅመሱት።

ይቅር ብሏል ተባለ። ያሉት ሽማግሌዎቹ ናቸው፤ ከእኔ አፍ አልወጣም። ሽምግልናው ያለቀው በኅዳር ሚካኤል ማግስት፣ ኅዳር ዐሥራ ሦስት ቀን ነው።