ስሙን አልነግራችሁም!

"ባለሱቁ ማነው? መጀመሪያ ስሙን ንገረን!"

ዛሬ ጠዋት ሶዶ ገበያ አንድ ሱቅ በእሳት መያያዙን ስለጥፍ የመጣው የመጀመሪያው ኮሜንት ይሄ ነበር። "እሳቱ ጠፋ ወይ?" ያለ አንድም ሰው የለም።

ስም ለምን እንደሚፈለግ ሁላችንም እናውቃለን። ከስሙ ሃይማኖቱን፣ ከሃይማኖቱ ብሔሩን፣ ከብሔሩ ፓርቲውን ያወጡለታል። ለማዘን ወይም "የእጁን አገኘ" ለማለት የሚወስኑት ከዚያ በኋላ ነው።

እልህ ያዘኝ። "ማወቅ የፈለገ ባልዲ ይዞ ይምጣና ባለሱቁን ራሱን ይጠይቀው" ብዬ ጻፍኩ።

መጡ! (የሶዶን ሰው ወሬ የመፈለግ አቅም አትናቁ።)

ጋውኑን እንደለበሰ የመጣ ሐኪም ነበር። ከሻንቶ ቅቤ ሊሸጡ የመጡ እናት የሚጠጡትን ውሃ ሳይቀር ሰጡ። ባልዲ ስንቀባበል እሳቱ ጎረቤት ሱቅ ሳይደርስ ጠፋ።

ያንን ኮሜንት የጻፈውን ሰውዬ ከፕሮፋይል ፎቶው ለየሁት። ፊቱ ጥቀርሻ ብቻ ሆኗል።

"ባለሱቁ ያውልህ፣ አጠገብህ ነው፤ ስሙን ጠይቀው" አልኩት።

ዞር ብሎ አየው። ባለሱቁ እንባውን በክንዱ እየጠረገ ነበር።

"አይዞህ ወንድሜ" አለው፤ "ውስጥ የቀረ ዕቃ አለ?" ብሎ መልሱን ሳይጠብቅ ገባ።

አሸነፍን ጎበዝ!

እናንተስ ስም ሳትጠይቁ የደረሳችሁለት ሰው አለ? ጻፉልኝ። እዚህ ድረስ "ግን ማነው?" እያላችሁ ያነበባችሁም አላችሁ፤ አውቃችኋለሁ።

ሱቁን ነገ እናጸዳለን። መጥረጊያ ይዛችሁ ኑና ጠይቁት።