ረፊቃ ያስቀረችው ቀንድ አልባ ወጠጤ

የሰው ዕድሜ እንደ ዐውድማ ተጠርጎ ቢሰፈር ስንት ቁና ይወጣዋል? ወጣት ሳለሁ፣ በዩኒቨርሲቲ፣ ከዚህ ጥያቄ ጋር ብዙ ሌሊት ታግያለሁ። ዛሬ በስተርጅና መተማ ዮሐንስ ተቀምጬ ሳስበው የሚመጣብኝ የጎረቤቴ የረፊቃ በረት ነው። በመጣብኝ ቁጥርም እንደ መጀመሪያው ቀን ክው እላለሁ።

ረፊቃ ባሏ ከሞተ በኋላ ሦስት ልጆች ያሳደገችው በፍየል ወተት ነው። ዐሥራ ሁለት እናት ፍየሎች ነበሯት፤ ዘራቸው ከሱዳን ወገን የሆነ፣ ጆሯቸው የተንዘረፈፈ፣ ግታቸው የሞላ። ወተቱን ጠዋት ጠዋት ለሻሂ ቤቶች ታደርሳለች። ከዓመታት በፊት አንዲት ቀንዳም ፍየል የሌላዋን ግት ወግታ ገደለችባት። ከዚያ ወዲህ ቀንዳሞቹን እየሸጠች፣ ጎዳዎቹን፣ ቀንድ ሳያወጡ የሚያድጉትን፣ ብቻ ታስቀር ጀመር። በዐሥር ዓመት ውስጥ በረቷ ውስጥ ቀንድ ያላት እናት ጠፋች። አውራው ግን ሁልጊዜ ከድንበር ማዶ ተገዝቶ የሚመጣ ቀንዳም ነበር።

ሱዳን ውስጥ፣ ከገላባት ወዲያ፣ ጦርነቱ ሲነሳ አውራ የሚያሻግር ታጣ። የሰው አውራ መዋስ አልለመደችምና ከራሷ ግልገሎች አንዱን ለዘር ማስቀረት ግድ ሆነባት።

«እስቲ መምህር፣ እርስዎም ይዩልኝ» ብላ ጠራችኝ።

ሁለት ወጠጤዎች ግቢዋ ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ታስረዋል። አንዱ ደረተ ሰፊ፣ ቀንዱ ገና ከአሁኑ የተጠመዘዘ። ሌላው ቀጠን ያለ ጎዳ። የቀጭኑን አፍ ከፍታ ጥርሱ መግጠሙን አየች፤ ቆለጡን ዳስሳ እኩል መሆኑን አረጋገጠች፤ ፈትታ አስኬደችው።

«ያ ግዙፉ አያምርም?» አልኳት።

«ሥጋ ለሚፈልግ ያምራል። የእሱ እናት አንድ ብርጭቆ ሳትሞላ ነው የምትነጥፈው። ይኼኛው የቦራ ልጅ ነው፤ ቦራ መንታ አጥብታ ሁለት ሊትር ትታለባለች። እኔ የማየው እናቱን ነው መምህር።»

ከቤታችን በላይ ያለው ፍየል አርቢ ይርዳው አጥሩ ላይ ተደግፎ ያዳምጥ ነበር።

«ረፊቃ፣ የሙሽራሽን ቀንድ ጉምሩክ ወረሰው እንዴ?»

«ቀንድ አይታለብም ይርዳው! ሂድ ሥራህን ሥራ!»

ሳቅን። ግዙፉ ለበዓል ተሸጠ፣ ጎዳው ቀረ። እኔም አስተዋይነቷን አመሰገንኩ።

በአምስተኛው ወር ሃያ ግልገል ተወለደ፤ ዐሥራ አንዱ ሴት። እልል አለች። እንዲህ ያለ የሴት ዓመት አይታ አታውቅም ነበር።

ግልገሎቹ ሰባት ወር ሲሞላቸው፣ አንድ ማለዳ ጩኸቷን ሰማሁ። ሌባ ገባ ብዬ ከዘራዬን ይዤ ደረስኩ። ረፊቃ ሁለት እጇን አናቷ ላይ ጭና ቆማለች። ከሴቶቹ ሦስቱ አንገታቸው ወፍሯል፤ የአውራ ግማታቸው አፍንጫ ይሰነፍጣል፤ አንደኛዋ የገዛ እናቷ ላይ ትወጣለች። ረፊቃ ያዘቻትና ጭራዋን አነሳች።

«ይዩ መምህር! ሴት አይደለች፣ ወንድ አይደለች! ያ አላህ፣ ምን አድርጌ ነው?»

አየሁ። ወዲያው ልጅ ልኬ ባለሙያ አስጠራሁ።

የእንስሳት ባለሙያዋ ሙሉአለም ረፋዱ ላይ መጣች። ወጣት ናት፤ አንድ በአንድ መርምራ ቀና አለች።

«እትዬ ረፊቃ፣ አይደንግጡ። በሽታ አይደለም፣ እርግማንም አይደለም። ጎዳ እናት ከጎዳ አውራ ስትወልድ አንዳንዷ ሴት እንዲህ ፍናፍንት ሆና ትወጣለች። ቀንዳም አውራ ያስገቡባቸው፤ ይቆማል።»

«ቀንድ? በቀንድ ምክንያት?» አለች ረፊቃ። መሬት ላይ ቁጭ አለች።

እስካሁን የሚያስደነግጠኝ ይህ ነው። ስንፍና ወይም ስግብግብነት ቢሆን ይገባኝ ነበር። ዐሥር ዓመት ሙሉ ትክክል የመሰላትን አደረገች፤ ትክክልም ነበር። አንድ ትክክል ስትጨምርበት ግን ሁሉም ተናደ። ይህን የሚያስረዳ መጽሐፍ አላነበብኩም፤ ካነበብኩም አልገባኝም።

ወሬው ከእኛ ቀድሞ ከተማውን አዳረሰ። ሻሂ ቤቶቹ በማግስቱ ወተቷን መለሱ። ሦስቱን ፍናፍንቶች አሳርዳ አስቀበረች፤ ጎዳውንም አስወገደች። ወሬው ግን አልተቀበረም። ቀንዳሞቹን ወንድ ግልገሎች እንደ ልማዷ አስቀድማ ሸጣ ነበር። የወተት ዘር የሆነ ቀንዳም አውራ በከተማው ያላቸው ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ አንዱ ይርዳው። ሙሉአለምን ይዘን ደጁ ሄድን። ያን ቀን አልቀለደም።

«አውራዬ ከእነዚያ ጋር ውሎ ምን ይዞብኝ እንደሚመጣ በምን አውቃለሁ?»

«አይተላለፍም እኮ ጋሼ ይርዳው» አለች ሙሉአለም።

«አንቺ ልጅ ነሽ» አለና በሩን ገፋው። ሌሎቹ ሁለቱም ያንኑ አሉ።

ፍየሎቹ ያለ አውራ ከረሙ፤ ወተታቸው ነጠፈ፤ አንድ በአንድ ለሥጋ ሄዱ። ረፊቃ ዛሬ ሰሊጥ መጋዘን ውስጥ ሰሊጥ ታበጥራለች።

ፍየሎቹን ከመሸጧ በፊት ግን አንድ ዓርብ፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ፣ አርቢዎቹ ጥላ ሥር ተቀምጠው ሳለ ፊታቸው ቆማ ነበር። እንዲህ ስትላቸው በጆሮዬ ሰምቻለሁ፦

«አንድ ቀንዳም አውራ ለሃያ አንድ ቀን፣ ሁሉም እናቶች እስኪጠቁ ድረስ፣ አውሱኝ፤ ሌላ ምንም አልልም። የሚወለዱትን መጥታችሁ በዓይናችሁ እዩ። ያው ከሆነ መንጋውን በገዛ እጄ አጠፋዋለሁ። ሃያ አንድ ቀን ብቻ፣ ወንድሞቼ።»